እናቴን ሦስት የኦንላይን ኮርስ አስመዘገብኳት፤ ሦስቱንም ተወቻቸው

የበኩር_ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ነገሩ ወዲህ ነው። እናቴ 68 ዓመቷ ነው። 30 ዓመት መዝገብ ቤት ስትሠራ ቆይታ ጡረታ ከወጣች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ብቻዋን ነው የምትኖረው። ቀኑ አልመሽ እያላት እንደሆነ ሳይ ታብሌት ገዛሁላትና ኦንላይን ትምህርት ላስጀምራት ብዬ ተነሣሁ። አንድ የእንግሊዝኛ፣ አንድ መሠረታዊ ኮምፒውተር፣ አንድ ደግሞ ስለ ጤናማ አመጋገብ አስመዘገብኳት። ፓስዎርዱን ወረቀት ላይ ጽፌ ታብሌቱ ጀርባ ላይ ለጠፍኩላት። (ይሄ ስህተት እንደሆነ አውቃለሁ፣ አትሳደቡ።)

የመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ ነበር። በሁለተኛው "ዛሬ ራሴን አሞኛል" አለች። በሦስተኛው "ኢንተርኔቱ እምቢ አለኝ"። በአራተኛው ሳምንት ቤቷ ስሄድ ታብሌቱ ቻርጁ ካለቀ ሰንብቷል። አቧራ እንዳይነካው ብላ ጨርቅ ጣል አድርጋበታለች።

"ምነው እማዬ?" ብላት "አሁን እኔ ተምሬ ማን ሊቀጥረኝ ነው?" አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ወላጁን በኦንላይን ያስተማረ፣ ወይም ራሱ በዕድሜ ገፋ ብሎ የተማረ ሰው አለ? ወይስ አርፌ ልተዋት?

ብርቱ_ጣት

ዱኦሊንጎ የሚባለውን የቋንቋ መማሪያ መተግበሪያ ጫንላት። ጨዋታ ነው የሚመስለው፣ ነጥብ ምናምን አለው። ካን አካዳሚ የሚባለው የትምህርት ድረ ገጽም ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው። ታብሌቱ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ችግሩ እሱ ሊሆን ይችላል፣ ሰፋ ያለ ስክሪን ሞክር።

ቁጥር_ወዳድ

ኮርሶቹን የመረጥከው አንተ ነህ ወይስ እናትህ?

የበኩር_ልጅ

እኔ ነኝ ወንድሜ። እሷ "አንተ ያልከው ይሁን" አለችኝ። አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?

ቁጥር_ወዳድ

እኔማ ሆኜ አይቼዋለሁ። 71 ዓመቴ ነው። የሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ልጄ ልክ እንዳንተ መርጦ አስመዘገበኝ፣ እኔም ልክ እንደ እናትህ ራሴን አመመኝ።

የእናትህ ጥያቄ ሰበብ እንዳይመስልህ። እኛ ትምህርት ማለት ለእንጀራ ነው ብለን ነው የኖርነው። ልጆቻችንንም ያሳደግነው እንደዚያ ነው። አሁን ያለ ፈተናና ያለ ደመወዝ ተማሪ ስትለን ግራ ይገባናል። ደግሞ አንተ የመረጥካቸው ሦስቱም ኮርሶች "ይሄ ይጎድልሻል" የሚሉ ናቸው። እንግሊዝኛ አትችይም፣ ኮምፒውተር አትችይም፣ አመጋገብሽ ልክ አይደለም። እስቲ በእሷ ቦታ ሆነህ እየው።

የእኔን ልንገርህ። የመጀመሪያዬ የዙም ክፍል የታሪክ ትምህርት ነበር። አስተማሪዋ "ጋሼ፣ ድምፅዎን ይክፈቱ" አለችኝ። እኔ ደግሞ የኮምፒውተሩን ድምፅ ጨመርኩ። "አሁንም አልሰማንዎትም፣ ይክፈቱት" አለች። አሁንም ጨመርኩ። በሦስተኛው ቤቱ በእሷ ድምፅ ተናወጠ፣ እነሱ ግን እኔን አይሰሙኝም። ለካ እሷ የምትለው ማይክሮፎኑን ነው! አንድ ሰው ቀደም ብሎ "ማይክሮፎኗ ላይ ቀይ ሰረዝ ካየህ አፍህ ተዘግቷል ማለት ነው" ቢለኝ በቃ ነበር። 20 ሰው እያየኝ በላብ ተጠመቅሁ። ኮምፒውተሩን በቁሙ አጠፋሁት።

በማግስቱ ስልክ ተደወለ። ከክፍሉ ተማሪዎች አንዷ ናት፣ ቁጥሬን ከአስተማሪዋ ነው ያገኘችው። "ትናንት ሊናገሩ የነበረው ምን ነበር? ሳንሰማዎት ቀረን" አለችኝ። ያንን ለመናገር ብዬ ነው የተመለስኩት። ይኸው አራተኛ ዓመቴ ነው።

የበኩር_ልጅ

ኧረ ይቅርታ ጋሼ! "አንተ" ብዬዎት እኮ ነው። ፎቶ የለዎትም፣ በምን ልወቅ።

ቁጥር_ወዳድ

ተወው ልጄ፣ ለሦስት መስመር ያህል ወጣት ሆኜ ነበር።

የማታ_ክፍል

እኔ ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎችን በኦንላይን አስተምራለሁ። ጋሼ ያሉት "ድምፅዎን ይክፈቱ" በእኔም ክፍል ስንቱን አስለቅሷል። አሁን "ማይክሮፎኗን አንዴ ይንኳት" ነው የምለው።

ስለ ጆሮ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ልጆች አያውቁትም። ዕድሜ ሲገፋ ቀድሞ የሚደክመው ቀጫጭን ድምፅ የምንሰማበት አቅም ነው። ስለዚህ እንደ "ስ"፣ "ሽ"፣ "ፍ"፣ "ት" ያሉት ይደበዝዛሉ። ሰውየው ድምፅ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይለትም። "እሰማለሁ ግን አይገባኝም" የሚሉት ለዚህ ነው። ብዙዎቹ ችግሩ ጭንቅላታቸው ላይ ነው ብለው ያስባሉ። "ደነዘዝኩ መሰለኝ" ብላ ልትተው የነበረች ተማሪ ነበረችኝ። ጆሮ ላይ የሚደፋ ሄድፎን አድርጋ መጣች፣ አለቀ። ድምፅ መጨመር ብቻውን አይረዳም። የአስተማሪው ፊት ብርሃን ላይ ይሁን፤ ከንፈር ማየት በጣም ያግዛል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ከሆነ ደግሞ ከሥር የሚመጣውን ጽሑፍ አብራላት።

የራሷን ፊት ስክሪን ላይ እያየች መቀመጥም ያደክማል። ዙም ላይ የራስን ምስል ከራስ ስክሪን መደበቅ ይቻላል፤ ሌሎቹ ግን ያዩዋታል።

ነፃው ዙም 40 ደቂቃ ሲሞላ እንደሚዘጋም አስቀድመህ ንገራት። አንዲት ተማሪዬ እኔ ተናድጄ የዘጋሁባት መስሏት ሁለት ሳምንት ጠፍታለች።

ሊንኩ ደግሞ በየሳምንቱ አይቀየር። አንድ ቋሚ ሊንክ፣ ስክሪኑ ላይ አንድ ምልክት፣ በቃ። እና እባክህ፣ ስታሳያት እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት። "ቆይ እኔ ላድርግልሽ" ያልካት ቀን ትምህርቱ አልቋል። ጣቷ ስክሪኑ ላይ ሲዞር ዝም ብሎ ማየት ያሳብዳል፣ አውቃለሁ። ግን ራሷ የነካችውን ነው የምታስታውሰው።

አያት_74

እኔ ደግሞ ሰው ባይጠብቀኝ ነው የምወደው። ጋሼ አይቀየሙኝ።

በውኃ ቀለም ሥዕል የጀመርኩት በ72 ዓመቴ ነው። በቪዲዮ ብቻ። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ተነሥቼ እከፍተዋለሁ። ቪዲዮ አይናደድም። አንድ ቦታ ላይ 40 ጊዜ ባስደግመው "እትዬ፣ ይቺን እኮ ነግሬዎታለሁ" አይለኝም። የልጅ ልጄ ፍጥነቱን ወደ 0.75 መቀነስ አሳየችኝ። ሰውየው ትንሽ የሰከረ ይመስላል እንጂ ብሩሹን እንዴት እንደሚይዝ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል።

ሰማይ ለመሳል ወረቀቱ መጀመሪያ መራስ አለበት። ይህን ለማወቅ ስንት ወረቀት አበላሸሁ። አሁን ስንት ደቂቃ እንደሚደርቅ እጄ ያውቀዋል።

አንዳንዱ ሰው ሲሳሳት መታየት አይፈልግም። እናትህን ጠይቃት።

ምንጭ_አምጡ

ይህ ርዕስ ሲነሣ "አንጎልን ያድሳል" የሚል ሰው አይጠፋምና ቀድሜ ልናገር። በስልክ የሚጫወቱት የአንጎል ጨዋታ እርጅናን ይመልሳል የሚለውን ማስታወቂያ አትመኑ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2016 አንዱን ታዋቂ የአንጎል ጨዋታ ድርጅት በቂ ማስረጃ ሳይኖርህ ነው ያስተዋወቅከው ብሎ 2 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎታል።

ትክክለኛ ትምህርት ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲዋ ዴኒስ ፓርክና ባልደረቦቿ የሠሩት ጥናት አለ። ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 90 የሆኑ 221 ሰዎች ተሳትፈውበታል። ገሚሶቹ ለሦስት ወር ዲጂታል ፎቶግራፍ ወይም የጨርቅ ቅጥልጥል ስፌት ተማሩ፤ በሳምንት 15 ሰዓት ገደማ። ሌላው ቡድን ተሰብስቦ ሲጫወትና ሲዝናና ከረመ። ሌሎች ደግሞ ቤታቸው ሆነው ቀለል ያለ ነገር ሠሩ። የማስታወስ ችሎታቸው የተሻሻለው አዲስ ነገር የተማሩት ናቸው፤ በተለይ ፎቶግራፍ የያዙት።

ስለዚህ ጋሼ ቁጥር_ወዳድ፣ ያ ስልክ መልሶዎታል፣ አልክድም። ግን ተሰብስቦ መጫወት ብቻውን አልሠራም። ትምህርቱ ራሱ ትንሽ ሊከብድ ይገባል። "ለሽማግሌ" ተብሎ የሚለሰልሰው ነገር እኔን ያናድደኛል።

የማታ_ክፍል ስለ ጆሮ ያለችው ደግሞ ከመማርም ያልፋል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ለመርሳት በሽታ ከሚያጋልጡና ሊስተካከሉ ከሚችሉ 14 ነገሮች መካከል ያልታከመ የመስማት ችግርን፣ ያልታከመ የማየት ችግርንና ከሰው መነጠልን ቆጥሯል። ጆሮዋን አስመርምራት።

ቁጥር_ወዳድ

ልክ ነህ። ክፍላችን ጨዋታ ብቻ ቢሆን እኔም በወሩ እሰለቸው ነበር። የማነበው አለኝ፣ ሳላነብ ከገባሁ ደግሞ አፍራለሁ። ለአንድ ክፍል ሦስት ቀን እዘጋጃለሁ። በሥራ ዘመኔ እንዲህ አልተዘጋጀሁም።

አንድ_ነገር_ልበል

ስለ ሌቦች ማንም አላነሣም? አባቴ አንድ "ነፃ" ኮርስ ጨረሰ። ከዚያ "ሰርተፍኬትዎ ዝግጁ ነው፣ የመላኪያ ይክፈሉ" የሚል መልእክት መጣለት። ከፈለ። "የማረጋገጫ" ተባለ፣ እሱንም ከፈለ። ሦስተኛ ሲጠየቅ ነው የነገረን። ገንዘቡ ይቅር፣ ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩን በእጁ አልነካም።

እንደ ኮርሴራና ኢዲኤክስ ያሉት ትላልቆቹ የኮርስ ድረ ገጾች ላይ አንዳንዱን ትምህርት በነፃ ማየት ይቻላል፤ የሚከፈለው ለሰርተፍኬቱ ነው። ሁሉም ኮርስ ግን እንዲህ አይደለም፣ ከመመዝገብ በፊት ማየት ነው። "የሰባት ቀን ነፃ" የሚል ካርድ ቁጥር ከጠየቀ ቀኑን ግድግዳ ላይ ጻፉ፣ በስምንተኛው ቀን ራሱ ይቆርጣል። ስልክ ደውሎ "ኮምፒውተርዎን ላስተካክል፣ ይህን ፕሮግራም ይጫኑ" የሚል ሰው ደግሞ ጆሮው ላይ ይዘጋበት።

ፓስዎርድ በወረቀት መጻፍ ችግር የለውም። መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ። ታብሌቱ ላይ የተለጠፈውን ግን ዛሬውኑ ንቀለው ወንድሜ።

የበኩር_ልጅ

ነቀልኩት።

ጋሼ፣ ምን መማር እንደምትፈልግ ጠየቅኳት። "ምንም" አለችኝ። አሁንስ?

የማታ_ክፍል

"ምን መማር ትፈልጊያለሽ?" ከባድ ጥያቄ ነው። እኔም ብጠየቅ አልመልስም። "ሰሞኑን ምን ገርሞሽ ያውቃል?" በላት።

ወይም ገልብጠው። ምን ታስተምራለች? የሦስተኛው ዕድሜ ዩኒቨርሲቲ የሚባል ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 ፈረንሳይ ቱሉዝ ውስጥ ፒየር ቬላስ የተባሉ ፕሮፌሰር ናቸው የጀመሩት። ሦስተኛ ዕድሜ ማለት ልጅ ማሳደጉና ሥራው ካለፈ በኋላ ያለው ዘመን ነው። በፈረንሳይ አስተማሪዎቹ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ነበሩ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ ብሪታንያ ሲሻገር ግን መልኩን ቀየረ። አባላቱ ራሳቸው እርስ በርስ ይማማሩ ጀመር። ጡረታ የወጣው መሐንዲስ ስለ ድልድይ ያስተምራል፣ ማታ ደግሞ ከነርሷ ጣሊያንኛ ይማራል። ፈተና የለም፣ ሰርተፍኬት የለም፣ ለመግባትም ማስረጃ አይጠየቅም። አሁን ብዙዎቹ በኦንላይንም ይገናኛሉ።

እኔ ክፍል ውስጥ የሰዓት ጠጋኝ የነበሩ አባት አሉ። ስልካቸው ላይ ፊደል መጻፍ ይከብዳቸዋል። አንድ ቀን ግን የእጅ ሰዓት ከፍተው ካሜራው ሥር አስቀመጡና 30 ደቂቃ አስረዱን። ያን ያህል ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ካሜራ ማስተካከል የማያውቀውን ሰው ሁሉ እሳቸው ነበሩ የሚያግዙት።

የበኩር_ልጅ

*(ከአምስት ሳምንት በኋላ)*

ተመልሻለሁ። አንዳንዶቻችሁ በውስጥ መስመር ጠይቃችሁኛል፣ አመሰግናለሁ።

"ሰሞኑን ምን ገረመሽ?" አልኳት፣ የማታ_ክፍል እንዳለችው። ትንሽ አሰበችና "ሌሊት ጎህ ሳይቀድ የምትቀሰቅሰኝ ወፍ ምንድን ናት?" አለችኝ። እኔ የጠበቅኩት ሌላ ነው። ወፍ!

ፈላልጌ ሜርሊን የሚባል መተግበሪያ አገኘሁ። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ጥናት ማዕከል ነው የሠራው፣ ነፃ ነው። ፎቶ አይቶ ወይም ድምፅ ሰምቶ የወፏን ስም ይገምታል። በድምፅ የሚለየው ሁሉንም ወፍ አይደለም፤ የእማዬን ወፍ በመጀመሪያው ቀን አላወቃትም። ይሄ ነው እልህ ውስጥ የከተታት። እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ነው ያሳየኋት። አንዴ ብቻ አወጣሁ።

ከዚያ መዝገብ ከፈተች። እውነተኛ መዝገብ፣ በመስመር የተከፈለ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የወፍ ዓይነት፣ ብዛት፣ ምርመራ። 30 ዓመት የሠራችው ሥራ ነው። ይህን አንድ የወፍ ተመልካቾች የኦንላይን ቡድን ላይ ስጽፍ ሰብሳቢዋ ኢበርድ ላይ አስገቡት አለችኝ። ኢበርድ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ተራ ሰዎች ያዩትን ወፍ የሚመዘግቡበት ድረ ገጽ ነው፣ ያንኑ መረጃ ተመራማሪዎች ይጠቀሙበታል። እማዬ ይህን ስትሰማ መነጽሯን አውልቃ "የእኔን መዝገብ?" አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ብዛቱን ሁለት ጊዜ ነው የምትቆጥረው።

ቡድኑ በየሐሙሱ በዙም ይገናኛል፣ ሁሉም የሳምንቱን ዝርዝሩን ያነባል። ባለፈው ሐሙስ ስደውልላት "ክፍል ነኝ" ብላ ዘጋችብኝ።

ጆሮዋንም አስመረመርናት። ግራው ደክሟል። ሄድፎን ጀምራለች።

ያ የእንግሊዝኛ ኮርስ ደግሞ፣ የወፎቹ ስም ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሆነባት ራሷ መልሳ ከፈተችው። እኔ ምንም አላልኩም። የአመጋገቡን ግን ንቅንቅ አላለችም። "እሱን ለአንተ" ብላኛለች።

ምንጭ_አምጡ

ከወፍ ሲያልፍ ዙኒቨርስ የሚባለውን አሳያት። በጎ ፈቃደኞች ፎቶ እያዩ የሚለዩበት፣ የድሮ የእጅ ጽሑፍ የሚገለብጡበት ቦታ ነው። ምንም የትምህርት ማስረጃ አይጠይቅም። መነሻው እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው የጋላክሲ (የግዙፍ የከዋክብት ስብስብ) ፎቶ መለያ ፕሮጀክት ነው። በዚያው ዓመት ሃኒ ቫን አርከል የተባለች የኔዘርላንድ አስተማሪ ፎቶ ስታይ የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ከዚያ በፊት ያላስተዋሉትን አረንጓዴ ነገር አግኝታለች፣ አሁን በስሟ ነው የሚጠራው። ለመዝገብ ቤት ሰው የእጅ ጽሑፉ የሚስማማ ይመስለኛል።

የበኩር_ልጅ

እነግራታለሁ። እዚህ እንደጻፍኩ ስነግራት እሷም ጥያቄ ልካለች፦ "ዝርዝሩ ላይ የሌለች ወፍ ካየሁ ስም የሚያወጣላት ማን ነው?"

አያት_74

መጀመሪያ ትሳላት። ጅራቷ ምን ያህል ነው? ደረቷ ላይ ነጥብ አላት ወይ? ፎቶዋን ይላክልኝና እኔ በውኃ ቀለም እሠራላታለሁ። ሥዕሉን ፎቶ አንሥቶ እዚህ መለጠፉ ላይ ግን ደካማ ነኝ፣ የልጅ ልጄ ፈተና ላይ ናት። የሚያሳየኝ ሰው ካለ።

ቁጥር_ወዳድ

እኔ አሳይዎታለሁ እትዬ። ረቡዕ ከሰዓት፣ 10 ሰዓት ላይ በዙም። ሊንኩን በውስጥ መስመር ልኬልዎታለሁ። ማይክሮፎኗ ላይ ቀይ ሰረዝ ካዩ አንዴ ይንኳት። እጠብቅዎታለሁ።